ቀይዋና አረንጓዴዋ መብራት

በአሮጌው ቮልስዋገን ዳሽቦርድ ላይ ስለ ሞተሩ ጤና የሚናገሩት ሁለት መብራቶች ብቻ ናቸው። ቀይዋ የዲናሞ ናት፤ አረንጓዴዋ የዘይት ግፊት። ሁለቱም ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጡም፤ የተቀመጡትም በፍጥነት መለኪያው ክብ ውስጥ ነው። የሙቀት መለኪያ የለም፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ የሚለካ ውሃ የለውም። የዘይት ግፊቱን በቁጥር የሚያሳይ ጠቋሚም የለም። እስከ እ.ኤ.አ. 1961 ገደማ የተሠሩት የነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበራቸውም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር አሽከርካሪው እግሩ አጠገብ ያለችውን ማንሻ በጫማው ገፋ አድርጎ መጠባበቂያውን ነዳጅ ይከፍትና ማደያ ፍለጋ ይሄዳል።

ቁጠባው ከመኪናዋ ዓላማ የመጣ ነው። ፌርዲናንድ ፖርሽ በ1930ዎቹ ንድፏን ሲያወጣ የታሰበው ተራው ሰው ገዝቶ ራሱ የሚጠግናት መኪና ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ በ1945 ቮልፍስቡርግ ያለውን ፋብሪካ ዳግም ያስነሳው የእንግሊዝ ጦር መኮንን ኢቫን ሂርስት ነው። የዚህ ዓይነት የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ከፋብሪካ ስትወጣ የተሠሩት ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ቮልስ ዛሬም የሚያስገርም እይታ አይደለም። መኪናዋ ጀርመናዊት ብትሆንም የጋራዡ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው፦ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ሚኒሞ፣ ዳዶ። ሁለቱን መብራቶች ለመረዳትም የሚያገለግሉት እነዚሁ ቃላት ናቸው።

ምርመራው የሚጀምረው ሞተሩ ሳይነሳ ነው። ኳድሮው፣ ማለትም የቁልፉ ማብሪያ፣ ተከፍቶ ሞተሪኖው ገና ሳይነካ ቀይዋም አረንጓዴዋም መብራት አለባቸው። ብዙ አሽከርካሪ ቁልፉን በአንድ ትንፋሽ እስከ መጨረሻው ስለሚያዞር ይህን ቅጽበት አያየውም፤ የዳሽቦርዱ ትልቁ መረጃ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ያልበራች መብራት በመንገድ ላይም አትበራም። ሁለቱም ካልበሩ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ፊውዝ፣ ኳድሮው ራሱ ወይም የላላ ሽቦ ይሆናል። አንዷ ብቻ ካልበራች አምፖሏ ተቃጥሏል ወይም የእሷ መስመር ተቆርጧል። ሞተሩ ሲነሳ አረንጓዴዋ ወዲያውኑ፣ ቀይዋ ደግሞ ነዳጅ ትንሽ ሲሰጥ መጥፋት አለባቸው። በጉዞ ላይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢበሩ የሚያስደነግጥ ምሥጢር የለውም፤ ሞተሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

ቀይዋ የምትሠራበት መንገድ ከቀላልነቱ የተነሣ ያምራል። የአምፖሏ አንድ ጫፍ ከባትሪው በኳድሮ በኩል፣ ሌላው ጫፍ ከዲናሞው በሬጉሌተሩ በኩል ተያይዟል። ዲናሞው ሲቆም የባትሪው ጉልበት በአምፖሉ አልፎ በዲናሞው ጥቅል ሽቦ በኩል ወደ ማሳ (ወደ መኪናዋ አካል ብረት) ስለሚወርድ መብራቷ ትበራለች። ዲናሞው መሽከርከር ጀምሮ ቮልቱ ከባትሪው ጋር ሲተካከል ግን ገመድ ጉተታ ላይ እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ቡድኖች እንደገጠሙት ይሆናል። ገመዱ ወዴትም አይሄድም፤ በአምፖሉ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ስለሌለ መብራቷ ትጠፋለች። ስለዚህ ቀይዋ የምታሳየው በሁለቱ ጫፎች መካከል ልዩነት መኖሩን እንጂ የባትሪውን ሁኔታ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው ቀይ ባየ ቁጥር አዲስ ባትሪ ይገዛል።

የቮልስን ቀይ መብራት ከሌላ መኪና ቀይ መብራት የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የተገጠመው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍ ተነሥታ ዲናሞውን የምታዞረው ቺንጋ አንዲት ናት፤ ማራገቢያውም የሚዞረው በእሷው ነው። ቺንጋዋ ስትበጠስ ባትሪው መሞላት ያቆማል፤ ሞተሩም በዚያው ቅጽበት መቀዝቀዝ ያቆማል።

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚወጣው ዳገት ላይ አንዲት ቮልስ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች ነው እንበል። ከኋላ እንደ ጥፊ ያለ ድምፅ ይሰማና ቀይዋ ቦግ ትላለች። መሪው አልተለወጠም፤ ጉልበቱም አልቀነሰም። እንዲያውም የማራገቢያው ጩኸት ስለቀረ ሞተሩ ከቅድሙ ይልቅ ዝግ ያለ ድምፅ ያሰማል። አረንጓዴዋ ጠፍታለች፤ የዘይት ግፊት አለ ማለት ነው። ባትሪው ትናንት የተሞላ ነው። በውሃ በሚቀዘቅዝና ፖምፓው በሌላ ቺንጋ በሚዞርበት መኪና ቢሆን ኖሮ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ መንዳት ይቻላል። እዚህ ግን የሚቀጥሉት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን ሊበሉት ይችላሉ። ሙቀቱ መጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን ሲሊንደር ነው፤ በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው ከበላዩ ስለተቀመጠ የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። ከዚያ ዘይቱ ይቀጥንና ግፊቱ ይወርዳል፤ አረንጓዴዋም ትበራለች። ከቀይ ቀጥሎ አረንጓዴ ከበራ ነገሩ አልፎበታል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ወደ 2,350 ሜትር በሚጠጋው የአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ሩብ በሚጠጋ መጠን ስስ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ይብሳል። ማራገቢያው በእኩል ፍጥነት እየዞረ የሚገፋው የአየር ክብደት ያንሳል። በእርግጥ ሞተሩም በስስ አየር የሚያቃጥለው ነዳጅ ስለሚቀንስ ሙቀቱ በዚያው መጠን ይቀንስለታል፤ ረጅም ዳገት ላይ ግን ለላላ ቺንጋ የሚተርፍ ይቅርታ የለም።

ቮልሷ መንገድ ዳር ቆማለች፤ ሞተሩ ጠፍቷል። የኋላው ክዳን ሲከፈት ቺንጋዋ ወይ የለችም፣ ወይ እንደ እባብ ቆዳ ተበጣጥሳ ተንጠልጥላለች። ለጥገናው የሚያስፈልገው የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴና አዲስ ቺንጋ ብቻ ነው። የዲናሞው ፑሌጃ ሁለት ሳህኖች ፊት ለፊት የተገጠሙበት ነው፤ የሚያስራቸው ዳዶ 21 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የካንዴላው ቁልፍ ልክ ይገባበታል። ፑሌጃው አብሮ እንዳይዞር የካቻቢቴው ጫፍ ጠርዙ ላይ ባለችው ጥርስ ገብቶ በዲናሞው ብሎን ላይ ይደገፋል። ዳዶው ሲፈታ የፊተኛው ሳህን ይወጣል፤ በሁለቱ ሳህኖች መካከልም ስስ ሮንዴላዎች ተደርድረው ይገኛሉ።

የውጥረቱ መላ ያለው በእነዚህ ሮንዴላዎች ነው። ከመካከል አንድ ሲወጣ ሳህኖቹ ይቀራረባሉ፤ ቺንጋዋ ሽቅብ ትገፋና ትወጠራለች። ሲጨመር ትላላለች። የተረፉት ሮንዴላዎች አይጣሉም፤ ከፊተኛው ሳህን ውጭ፣ ከዳዶው ሥር ይቀመጣሉ፤ ነገ ሌላ ቺንጋ ሲገባ ይፈለጋሉ። ሥራው ሲያልቅ ቺንጋዋ መሐሏ ላይ በአውራ ጣት ስትጫን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለባት። ከዚያ በላይ ከረገበች ትንሸራተታለች፤ ጭራሽ ካልረገበች የዲናሞውን ኩሽኔታ ትበላለች። አዲስ ቺንጋ በመጀመሪያው ጉዞ ስለምትለጠጥ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ መፈተሽ አለባት። እጁ የለመደ ሰው ይህን ሁሉ በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። ትርፍ ቺንጋ ሳይዙ በቮልስ ረጅም መንገድ መውጣት ያለ ስኮርታ ጎማ ከመውጣት የከፋ ድፍረት ነው።

ቺንጋዋ በቦታዋ ሆና ቀይዋ ካልጠፋች ጥፋቱ በኤሌክትሪኩ በኩል ነው። እዚህ ላይ የጋራዦች ልማድ ዲናሞውን አውርዶ መጠቅለል ነው፤ ብዙ ጊዜም ያለ ምክንያት ነው። መጀመሪያ የሚታዩት መገናኛዎቹ ናቸው፦ የባትሪው ማሳ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት፣ ማርሹ ከአካሉ ጋር የሚያያዝበት ጠፍጣፋ ገመድ፣ የሬጉሌተሩ የራሱ ማሳ። የዛገ ማሳ የሞተ ዲናሞ ይመስላል። ቀጥሎ የዲናሞው ካርቦኖች ይታያሉ። ካርቦን ከማቀፊያው አፍ ጋር እስኪተካከል ካለቀ ስፕሪንጉ ገፍቶ ሊያደርሰው አይችልም፤ የሚለወጠው እሱ እንጂ ዲናሞው አይደለም።

ዲናሞው ራሱ ደህና መሆኑ የሚታወቀው ከሬጉሌተሩ ሲለይ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች ከዲናሞው ይነቀላሉ። ዲ-ኤፍ የሚል ምልክት ያለበት ጫፍ በአጭር ሽቦ ከማሳ ጋር ይያያዛል፤ ቴስተሩ ዲ-ፕላስ ላይ ይደረጋል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ነዳጅ ቀስ እያለ ይጨመርለታል። በ12 ቮልት ሞዴል ቁጥሩ 12ን በፍጥነት አልፎ ከወጣ ዲናሞው ጤነኛ ነው፤ ተጠርጣሪው ሬጉሌተሩ ይሆናል። ሙከራው ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይዘልቅም፤ ያለ ሬጉሌተር ልጓም የለቀቀ ዲናሞ ጥቅሉን ያቃጥላል። ሁሉም ተመልሶ ሲታሰር፣ ሞተሩ ከሚኒሞ ከፍ ብሎ እየዞረ፣ ባትሪው ላይ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። አዲስ ወይም ተጠቅልሎ የመጣ ዲናሞ ደግሞ ከመሥራቱ በፊት ፕላሱና ማይነሱ ሊታወቅለት ይገባል። ቺንጋዋ ሳትገባ ዲ-ኤፍ ከማሳ፣ ዲ-ፕላስ ከባትሪው ፕላስ ጋር ለቅጽበት ሲገናኝ ዲናሞው እንደ ሞተር ይዞራል፤ ውስጡ ያለው ማግኔትነትም አቅጣጫውን ይይዛል። ይህ የተዘለለበት ዲናሞ ደህና ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል ተብሎ ብዙ ጊዜ ወደ ጠቀለለው ሰው ይመለሳል።

ቀይዋ በአበራሯም ትናገራለች። በሚኒሞ ብልጭ ድርግም ማለቷ ያለ ነው፤ ዲናሞ ሞተሩ ዝግ ሲል አይሞላም። በሌሊት የፊት መብራት በርቶ እንደ ሲጋራ ጫፍ ደብዛዛ ከቀላች በኳድሮው ወይም በሬጉሌተሩ በኩል የላላ ወይም የዛገ መገናኛ አለ፤ ያ ትንሽ የቮልት ልዩነት ነው አምፖሏን የሚያሞቃት። ከሁሉ የከፋው ግን ቁልፉ ወጥቶም ሳትጠፋ ስትቀር ነው። በሬጉሌተሩ ውስጥ ያለችው መገናኛ ተጣብቃ ባትሪው በዲናሞው በኩል እየፈሰሰ ነው፤ ሬጉሌተሩን ለማየት ጊዜ ሳይጠፋ የባትሪው ማሳ ወዲያውኑ ይፈታል።

ባትሪው ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ክዳኑ የጠፋበት ባትሪ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝና ወንበሩን ሊያቃጥል ይችላል። ይህን የሚያስጠነቅቅ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ የለም።

አረንጓዴዋ ከቀይዋ ይልቅ ቀላል ናት። ከባትሪው በኳድሮ በኩል የሚመጣው ሽቦ በአምፖሉ አልፎ ሞተሩ ላይ፣ ዲስትሪቢውተሩ አጠገብ፣ ወደተጠመደች አውራ ጣት የምታህል መለኪያ ይወርዳል። ግፊት ከሌለ መለኪያዋ ሽቦውን ከማሳ ታገናኛለች፤ መብራቷ ትበራለች። ዘይቱ ሲገፋት ትለያያለች፤ መብራቷም ትጠፋለች። ቁልፉ ተከፍቶ ካልበራች ሽቦው ከመለኪያዋ ይነቀልና ንጹሕ ብረት ይነካል። ከበራች የሞተችው መለኪያዋ ናት፤ አሁንም ካልበራች አምፖሉ ወይም መስመሩ ነው። በተቃራኒው ሞተሩ ተነሥቶ አረንጓዴዋ ካልጠፋች ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ዘይቱ መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ በመለኪያው ዘንግ ይታያል፤ የሞተሩ ጠቅላላ ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር መጉደል እንደ ሌላ መኪና ቀላል አይደለም።

በቮልስ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው የተገላቢጦሹም አለ፤ ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ሆኖ ሲገኝ። ዘንጉ ሲሸተት ቤንዚን ቤንዚን ካለ የነዳጅ ፖምፓው ላስቲክ ተቀዷል፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ሆድ እየወረደ ዘይቱን እያቀጠነው ነው። አረንጓዴዋ ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ ብልጭ ማለት ትጀምራለች፤ ባለቤቱ ዘይቱን አይቶ ሞልቷል ብሎ ይረጋጋል። መፍትሔው የፖምፓውን ላስቲክ መለወጥ፣ ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው፤ እስከዚያ ሞተሩ አይነሳም።

ዘይቱም ልኩ፣ ሽታውም ደህና ሆኖ አረንጓዴዋ ስትበራ መፍረድ የሚችለው እውነተኛ የግፊት መለኪያ ነው። መለኪያዋ ትፈታና በቦታዋ ጠቋሚ ያለው ጌጅ ይገጠማል። ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 2,500 ሲዞር ጌጁ ከሁለት ባር በታች መውረድ የለበትም። አረንጓዴዋን የምታበራው መለኪያ ግን የተሠራችው ግፊቱ ከ0.15 እስከ 0.45 ባር ባለው መካከል ሲደርስ እንድታስጠነቅቅ ነው። ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነው፦ ግፊቱ በመንገድ ፍጥነት ከሚገባው አንድ አራተኛ በታች ወርዶም አረንጓዴዋ ጠፍታ ልትሄድ ትችላለች። ብልጭ የምትለው ዘግይታ ነው። ጌጁ ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው ከሞተሩ ሥር በሰፊ ካቻቢቴ የሚፈታው የግፊት ማስተንፈሻ ነው፤ ቆሻሻ ይዞት ተከፍቶ ከቀረ ማጽዳቱ ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ የዘይት ፖምፓው ይታያል። ሁለቱ ደህና ከሆኑ የቀረው ኮሎው የሚያርፍበት ብሮንዚን ነው፤ ያ ደግሞ ሞተር ማውረድ ነው።

አምፖሎቹን መለወጥ የእጅ ሥራ ነው። የፊተኛው ኮፈን ተከፍቶ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ካርቶን ሲነሣ የአምፖሎቹ መቀመጫዎች በጣት ይሳባሉ። ከመግዛት በፊት መኪናዋ ስንት ቮልት እንደሆነች ይታወቅ፤ ከ1967 ሞዴል በፊት የነበሩት በብዛት 6 ቮልት ናቸው፤ የ6 ቮልት አምፖል 12 ላይ ሲገባ አንዴ ቦግ ብሎ ያበቃል። ብዙዎቹ ግን በዘመናት ውስጥ ተለውጠዋል፤ እውነቱን የሚናገረው ባትሪው እንጂ ሊብሬው አይደለም። ፊውዞቹ ጥንት በሴራሚክ ላይ የተጠመጠመ ስስ ብረት ያላቸው ናቸው። ሳይቃጠሉ ጫፋቸው ላይ ዝገት ብቻ ይይዛቸውና መስመር ይዘጋሉ፤ በጣት ሁለት ሦስት ጊዜ ማሽከርከር ብዙ «ብልሽት» ያድናል። የዲናሞዋን አምፖል በኤል-ኢ-ዲ መለወጥ ዲናሞ ላለው ብዙም አይጎዳም። በ1970ዎቹ ኦልተርኔተር የተገጠመላቸው ግን ለመጀመር የሚፈልጉትን ትንሽ ጉልበት የሚያገኙት በዚያው አምፖል በኩል ስለሆነ ኤል-ኢ-ዲው ሊያስተኛቸው ይችላል።

አሮጌ ቮልስ ሊገዛ የሄደ ሰው ቀለሙንና ወንበሩን ከማየቱ በፊት ኳድሮውን ከፍቶ ሁለቱን መብራቶች ይይ።  አረንጓዴዋ ጭራሽ ካልበራች ሽቦዋ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ከቀይዋ ጋር በአንድ ቅጽበት ከጠፋች ደግሞ ሻጩ ሽቦዋን ከዲናሞው መስመር ጋር አያይዞት ሊሆን ይችላልና ከኋላ ይዙር፤ ክዳኑን ከፍቶ ሽቦውን ከዘይት መለኪያዋ ይንቀለውና ብረት ያስነካው። አሁንም ካልበራች ብልሽት ተሸሽጎ ሊሆን ይችላልና ዋጋው ላይ ሞተር ማውረጃ ይጨምርበት።